የላፒቶሱ ቪላ፦ ካርታ ያለው ቤት ለምን ይፍረስ ተባለ?

ላፒቶስ በሰሜን ቆጵሮስ የምትገኝ ከተማ ናት። ከኋላዋ የፔንታዳክቲሎስ ተራራ፣ ከፊቷ ሜዲትራኒያን ባሕር። ቱርኮቹ ላፕታ ይሏታል። ድሮ ስሟ የሚነሣው በሎሚዋ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 እንግሊዛዊ ባልና ሚስት እዚህ ቦታ ገዙ። (ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሐሳባቸው የጡረታ ዘመናቸውን ፀሐይ ባለበት ማሳለፍ ነበር። ቪላ ሠሩ። የመዋኛ ገንዳ አስቆፈሩ። አጥር አጠሩ። በጊዜው የወጡ ዘገባዎች ያወጡትን ገንዘብ ወደ 160 ሺህ ፓውንድ ያደርሱታል። ገንዘቡ በአግባቡ ተከፍሏል፣ ውሉም በደንቡ ተፈርሟል። በዚያ ዓመት አካባቢ ብዙ የአገራቸው ሰዎች በተመሳሳይ መንገድ ገዝተዋል።

ብዙም ሳይቆዩ ቪላውን አፍርሳችሁ መሬቱን አስረክቡ የሚል ፍርድ መጣባቸው። ፍርዱን የሰጠው ቤቱ ያለበት የሰሜኑ አስተዳደር ፍርድ ቤት አይደለም። የደቡቡ ነው። በመጨረሻ ደግሞ እንግሊዝ አገር ያለው ንብረታቸው ጭምር ለዚህ ፍርድ ማስፈጸሚያ ሊውል የሚችልበት ደረጃ ደረሰ።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውጭ አገር ሠርተው ገንዘብ ያጠራቀሙ ወገኖቻችን ቤት መግዛት ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ካርታ አለው ወይ?» ጥያቄው ትክክል ነው። ግን አይበቃም። እነዚህ ሰዎች ሻጩ ካርታ እንዳለው አይተው ነው የገዙት።

መሬቱ የማን ነበር

ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ሐምሌ 1974 በግሪክ ወታደራዊ መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት ቆጵሮስ ውስጥ ተካሄደ። ከቀናት በኋላ ቱርክ ጦሯን አስገባች። ነሐሴ ላይ ደሴቲቱ ለሁለት ተከፈለች። ከ160 ሺህ በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደዱ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ደግሞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሄዱ። ሁሉም ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ነው የወጣው።

በ1983 ሰሜኑ ነጻ መንግሥት ነኝ ብሎ አወጀ። እውቅና የሰጠችው ቱርክ ብቻ ናት። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤትም በውሳኔ ቁጥር 541 አዋጁ ሕጋዊ ዋጋ የለውም አለ። በ1985 የሰሜኑ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 159 የተሰደዱትን ሰዎች ንብረት የመንግሥት አድርጎ ወረሰ። ከዚያም አከፋፈለው። የተከፋፈለው መሬት ካርታ ተሠራለት፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፣ ተለወጠ። እንግሊዛውያኑ ዘንድ የደረሰውም በዚህ መንገድ ነው።

የመሬቱ የመጀመሪያ ባለቤት ቤተሰቦቹ በ1974 ከላፒቶስ የተሰደዱ ግሪክ ቆጵሮሳዊ ናቸው። ሙያቸው አርክቴክት ነው።

የኛ አገር አንባቢ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በ1967 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የሆነውን የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም አንድን ቤት እያሳየ «ይሄ እኮ የአያቴ ነበር» የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የደርግ አዋጅ ዓለም የሚያውቀው መንግሥት አዋጅ ነበር። የሰሜን ቆጵሮስን አዋጅ ከቱርክ ሌላ የተቀበለው የለም። ስለዚህ በዓለም ዓይን የላፒቶሱ መሬት ባለቤት ያው የተሰደዱት ሰው ናቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ1996 እዚያው ሰሜኑ ውስጥ ባለችው በኪሬኒያ ከተማ ስላለ ሌላ መሬት ይህንኑ ብሏል፦ ባለቤትነቱ አልጠፋም።

ይህ ውሳኔ የወጣው እንግሊዛውያኑ ከመግዛታቸው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ለሕዝብ የተገለጠ ነገር ነበር። የቤት ደላላ ግን የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞ አይመጣም።

ኬላው ተከፈተ

ለ29 ዓመት ያህል ከደቡብ ወደ ሰሜን በነጻነት መሻገር አይቻልም ነበር። ሚያዝያ 2003 የሰሜኑ አስተዳደር ኬላውን በድንገት ከፈተ። ሺዎች ተሰልፈው ተሻገሩ፤ የድሮ ቤታቸውን ለማየት። ብዙዎቹ የሌላ ሰው ቤተሰብ ሲኖርበት አገኙት። የላፒቶሱ መሬት ባለቤትም ተሻግረው ሄዱ። በቤተሰባቸው መሬት ላይ የሰው ቪላ ቆሟል።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት 1 ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች። ይህ ቀን በጉዳዩ ላይ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ያኔ ያስተዋለ ብዙ ሰው አልነበረም። ባለርስቱ ዋና ከተማዋ ኒኮሲያ በሚገኘው የደቡቡ የወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ።

አሁን የምነግራችሁን ክፍል ውጭ አገር ንብረት ያለው ሁሉ ረጋ ብሎ ቢያነበው ደስ ይለኛል።

ኦክቶበር 26 ቀን 2004 አንድ ሰው ላፒቶስ ድረስ መጥቶ ለሚስትየዋ ወረቀት ሰጣት። ማን እንደሆነ አልነገራትም። ወረቀቱ ምን እንደሆነም አላስረዳትም። የተጻፈው በግሪክኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ግሪክኛ አታነብም። ወረቀቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ ነበር። ቀርቦ መልስ ለመስጠት ያለው ጊዜ 10 ቀን ብቻ።

ጠበቃ ፍለጋ ተጀመረ። በሰሜኑ በኩል ግሪክኛ አንብቦ በደቡቡ ፍርድ ቤት ሊቆም የሚችል ጠበቃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ሁለቱ ወገኖች ለሠላሳ ዓመት ተለያይተው የኖሩ ናቸው። ሰው ተገኝቶ ወረቀቱ ምን እንደሚል እስኪታወቅ ቀኑ አለፈ። ኖቬምበር 9 ፍርድ ቤቱ ተከሳሾቹ በሌሉበት ፈረደ።

ፍርዱ እንዲህ የሚል ነው። ቪላውን፣ የመዋኛ ገንዳውንና አጥሩን አፍርሱ። መሬቱን ባዶ አድርጋችሁ ለባለቤቱ አስረክቡ። እስካሁን ለተጠቀማችሁበት ካሳ ክፈሉ፤ መሬቱን እስክታስረክቡ ድረስም በየወሩ እንደ ኪራይ ክፈሉ። ዳግመኛ በመሬቱ ላይ ሁከት እንዳትፈጥሩ። የክሱንም ወጪ ቻሉ።

ባልና ሚስቱ ፍርዱ ይነሣልን ብለው አመለከቱ። ተሰሙ። ሚያዝያ 2005 ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ፍርድ ቤቱ ባለርስቱ መብታቸውን እንዳላጡ አስታወቀ። በቅን ልቦና ገዛን ማለትም ሆነ እዚያ አካባቢ የተለመደ አሠራር ነው ማለት መከላከያ አይሆንም አለ። የቆጵሮስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2006 መጨረሻ ይግባኙን አልተቀበለም።

እንደ ሰው ለሁለቱም አዝናለሁ። ሴትዮዋ በማታነበው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት አሥር ቀን ስትጨነቅ ይታየኛል። ሰውየውም በልጅነት የሚያውቁት መሬት ላይ የሰው መዋኛ ገንዳ ሲያገኙ ምን ተሰማቸው? ሁለቱን ያጋጨው በመሃል ሆኖ መሬቱን የሸጠውና ያሻሻጠው ነው። እሱ ግን በፍርዱ ውስጥ የለም። ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ፍርዱ እንግሊዝ ተከትሏቸው ሄደ

አሁን ፍርዱ አለ፣ ማን ያስፈጽመው? የኒኮሲያ ፍርድ ቤት ሰዎች ኬላውን ተሻግረው ላፒቶስ ላይ ቤት ሊያፈርሱ አይችሉም። የሰሜኑ አስተዳደር ለፍርዱ ቦታ የለውም። ያኔ ሰሜን ቆጵሮስ ቤት የገዙ ብዙ የውጭ ዜጎች ያጽናኑ የነበሩት ራሳቸውን በዚህ ነው፦ ይፍረዱ፣ ምን ያመጣሉ?

ያመጡት የአውሮፓ ኅብረትን ደንብ ቁጥር 44/2001 ነው። ደንቡ በአንድ አባል አገር የተሰጠ የፍትሐ ብሔር ፍርድ በሌላው አባል አገር እንዲፈጸም ያደርጋል። ቆጵሮስ አባል ናት። እንግሊዝም ያኔ አባል ነበረች። የባልና ሚስቱ ንብረት ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ አለ። ስለዚህ ባለርስቱ ፍርዱን ይዘው እንግሊዝ ሄዱ። በ2005 ፍርዱ እንዲፈጸም እዚያ ተመዘገበ።

በ2006 የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ምዝገባውን ሰረዘው። ለባልና ሚስቱ የቆሙት ጠበቃ ቼሪ ቡዝ ነበሩ፤ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር የቶኒ ብሌር ባለቤት። ይህ ቆጵሮስ ውስጥ ብዙ ቁጣ ቀስቅሶ ነበር። ክርክሩ ያረፈው በቆጵሮስ የአባልነት ስምምነት ፕሮቶኮል ቁጥር 10 ላይ ነው። ፕሮቶኮሉ መንግሥት በማይቆጣጠረው የደሴቲቱ ክፍል የኅብረቱ ሕግ ተፈጻሚነት ታግዶ ይቆያል ይላል። መሬቱ ያለው ደግሞ እዚያው በታገደው ክፍል ነው። ስለዚህ ደንቡ አይሠራም አሉ። ዳኛው ተስማሙ።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥያቄውን ሉክሰምበርግ ወዳለው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት መራው። የመዝገቡ ቁጥር ሲ-420/07 ነው። ሚያዝያ 28 ቀን 2009 መልሱ መጣ። ፕሮቶኮሉ የሚያግደው የሕጉን ተፈጻሚነት በሰሜኑ ክፍል ነው፤ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤት ግን ያለው መንግሥት በሚቆጣጠረው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ደንቡ ይሠራል ተባለ። ፍርዱ ላፒቶስ ላይ ሊፈጸም አለመቻሉም ሌላ አገር ላይ እንዳይፈጸም ምክንያት አይሆንም። የመጥሪያው አሰጣጥስ? ያንንም ፍርድ ቤቱ አይቶታል። ባልና ሚስቱ ፍርዱ ይነሣልን ብለው ተከራክረዋል፣ ተሰምተዋል፤ ስለዚህ በዚያ ምክንያት ፍርዱን አልቀበልም ማለት አይቻልም አለ።

አንድ የመጨረሻ ሙከራ ነበር። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ግሪካዊ ስለነበሩ ውሳኔው አድሎ አለበት የሚል ክርክር ቀረበ። ጥር 2010 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አልተቀበለውም። ባለርስቱ አሸነፉ።

ርካሽነቱ ከየት መጣ

ብዙ ሰው የሰሜን ቆጵሮስ ቤት ርካሽ የሆነው ቦታው ገና ስላልለማ ይመስለዋል። እኔ እንደሚገባኝ ዋነኛው ምክንያት ሌላ ነው። የሌላ ሰው መብት አብሮ አለበት። ገበያው ይህን ያውቃል፣ ዋጋውም ውስጥ አስገብቶታል። የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

ማስረጃው እዚያው ሰሜኑ ውስጥ አለ። ካርታው አንድ ዓይነት አይደለም። ከ1974 በፊትም የቱርክ ቆጵሮሳዊ ወይም የውጭ ዜጋ የነበረ መሬት አለ። በዚህ ላይ የተሰደደ ባለቤት ጥያቄ የለበትም፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሌላው «ኤሽዴየር» የሚሉት ነው። ደቡብ ውስጥ መሬቱን ጥሎ ለመጣ ቱርክ ቆጵሮሳዊ በምትክ የተሰጠ ነው። ሦስተኛው «ታህሲስ» ይባላል፤ ከቱርክ ለመጡ ሰፋሪዎችና ለሌሎች የተመደበ ነው። ኋለኞቹ ሁለቱ በአብዛኛው የተሰደዱ ግሪክ ቆጵሮሳውያን መሬት ናቸው። ሦስቱም ላይ «ካርታ አለው» ማለት ይቻላል። ውሸትም አይደለም።

ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት በ1974 መሬቱ በማን ስም እንደነበረ ነው። ይህንን የሚያውቀው የደቡቡ የመሬት መዝገብ ነው፤ የሻጩ ቢሮ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ግንባታና እድሳት አንድ ነገር ልበል። በዚህ ጉዳይ በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። በዚያ ዘመን የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ደሴቲቱን መልሶ የሚያገናኝ ዕቅድ አቅርበው ነበር። በዕቅዱ መሠረት በሰው መሬት ላይ ከመሬቱ ዋጋ የሚበልጥ ነገር የሠራ ሰው የመሬቱን ዋጋ ከፍሎ ሊያስቀረው የሚችልበት መንገድ ነበረ። የግንባታው ሩጫ አንዱ ምክንያት ይህ ተስፋ ነው። ቶሎ ሥራ፣ ብዙ ሥራ፣ ያኔ ያንተ ይሆናል። ሚያዝያ 2004 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ቱርክ ቆጵሮሳውያን በ65 በመቶ ተቀበሉት፤ ግሪክ ቆጵሮሳውያን በ76 በመቶ ገደማ እምቢ አሉ። ዕቅዱ ቀረ። ቪላዎቹ ግን ቆመዋል።

ባለቤትነቱ ባልጠራ ቦታ ላይ የሚፈስ ሲሚንቶ መብት አይጨምርም። የሚጨምረው የሚፈርሰውን ነገር ነው። ፍርዱ ገንዳውንና አጥሩን ለይቶ ስም እየጠራ ነው አፍርሱ ያለው። አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ ለሚያስብም ያው ነው። መጀመሪያ ወረቀቱ ይጥራ፣ ከዚያ ግንበኛ ይጠራ። ጣሪያውና ወለሉ ይቆይ።

ሌላው የጠበቃ ነገር ነው። ውጭ አገር ቤት ሲገዛ ጠበቃውን የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ ሻጩ ወይም ደላላው ነው። «እኛ የምንሠራበት ጠበቃ አለ፣ ወጪውም ቀላል ነው» ይባላል። ይህ ጠበቃ የማን ሰው ነው? ለሻጩ በወር አሥር ውል የሚሠራ ሰው ላንድ ገዢ ብሎ «ይሄ መሬት የስደተኛ ነው፣ ተወው» ይላል ብዬ አላምንም። የራስን ጠበቃ ከሌላ ቦታ፣ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ከደቡቡም ጭምር ማማከር ዋጋው ከፍርዱ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነው ታዲያ።

ዛሬስ?

እንግሊዝ ከኅብረቱ ስለወጣች በዚያ መንገድ ያለው ክፍል ለእንግሊዝ ነዋሪ ተቀይሯል። ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስዊድን ወይም ሆላንድ ለሚኖር ሐበሻ ግን አልተቀየረም። የድሮውን ደንብ ቁጥር 1215/2012 ተክቶታል፤ ፍርድ ከአገር አገር የሚሻገርበት መንገድ ደግሞ ከበፊቱ ቀልሏል። ስቶክሆልም ያለ አፓርታማ ላፒቶስ ላይ ለተሠራ ቪላ ሊጠየቅ ይችላል።

ነገሩ ወደ ወንጀልም ተሻግሯል። በ2006 የቆጵሮስ ሪፐብሊክ የወንጀል ሕጉን አሻሽሎ የሌላን ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሸጥ፣ መግዛት፣ ማከራየትም ሆነ ማስተዋወቅ እስከ 7 ዓመት የሚያሳስር አደረገው። ለብዙ ዓመት ሕጉ ብዙም ሲሠራበት አልታየም። ከ2024 ጀምሮ ግን በሰሜኑ መሬት የሚነግዱ የውጭ ዜጎች ደቡብ ሲገቡ እየተያዙ ነው፤ እስራት የተፈረደባቸውም አሉ። ከእነሱ መካከል ከእስራኤልና ከአውሮፓ አገሮች የመጡ ይገኙበታል። ልብ በሉ፣ ማስተዋወቅም ወንጀል ነው። «ጓደኛዬን አገናኝቼ ኮሚሽን ባገኝስ» ብሎ በቴሌግራም የቤት ፎቶ የሚያዞር ሰው ይህን አውቆ ይሁን።

ቀድሞ ለገዛ ሰውስ? መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግን ጨርሶ የተዘጋ አይደለም። ሰሜኑ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ኮሚሽን የሚባል አካል አለ። ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2010 የተሰደዱ ባለቤቶች መጀመሪያ እዚያ ማመልከት አለባቸው ብሏል። ማመልከት የሚችለው የ1974ቱ ባለቤት ወይም ወራሹ ነው እንጂ ገዢው አይደለም። ባለቤቱ እዚያ ካሳ ተቀብሎ መብቱን ከተወ በዚያ መሬት ላይ ያለው ጥያቄ ይዘጋል። ስለዚህ ቤቱን የገዛም ሆነ ሊገዛ የሚያስብ ሰው በራሱ ጠበቃ በኩል ሊያጣራው የሚገባ ነገር ይህ ነው፦ የመሬቱ የድሮ ባለቤት ኮሚሽኑ ዘንድ አመልክቶ ካሳ ተቀብሏል? ከተቀበለ ውሳኔው በጽሑፍ ይታይ። ካልተቀበለ ደግሞ ባለቤቱ ወይም ልጆቹ አንድ ቦታ አሉ፤ መሬቱንም ያውቁታል።